እርማት፦ «ባሩድ ባነሰ ቁጥር ደህና ነው» የሚለው ስህተት ነው

የሽጉጥ ጥይት በቤት መሙላት ለሚጀምሩ «የባሩዱ አምራች ካወጣው የመጠን ሠንጠረዥ በታች ባሩድ ቢያደርጉ ችግር የለውም፤ አደጋው ማብዛት ላይ ብቻ ነው» የሚል ምክር ተሰጥቷል። ይህ አደገኛ ነው። ባሩዱ በሠንጠረዡ ከተጻፈው ዝቅተኛ መጠን (የመነሻ መጠን) ሲያንስ፣ ይባስ ብሎም ሲረሳ፣ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል፤ ፕራይመሩ (ከቀለሁ ሥር ያለው ባሩዱን የሚያቀጣጥል ትንሽ ክፍል) ብቻውን እንኳ አረሩን ከቀለሁ ገፍቶ በርሜሉ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ቀጣዩ ጥይት እዚያ ላይ ሲተኮስ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ድምፁ ከታፈነ ወይም ርግጫው ከለዘበ ወዲያው ያቁሙ፤ ሽጉጡን አራግፈው በርሜሉን በዘንግ ይፈትሹ።

የባሩዱ አምራች ለዚያው ባሩድና ለዚያው አረር የጻፈውን የመነሻ መጠን ይያዙ፤ ከዚያ አይውረዱ። ባሩድ የሚመዘንበት አሃድ ግሬን ይባላል፤ 1 ግሬን 0.0648 ግራም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሚዛንዎ 0.1 ግሬን የሚለይ ይሁን፣ ክብደቱ በሚታወቅ መመዘኛም ያረጋግጡት።

ማብዛቱም በቀላሉ ያመልጣል። ፈጣን ባሩድ ብዙ ጊዜ የቀለሁን ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ጊዜ ቢጨመርም ላይፈስ ይችላል። አረር ከመግጠምዎ በፊት ቀለሆቹን በመደርደሪያ አቁመው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ከፍታው ከሌሎቹ የተለየውን ደፍተው እንደገና ይመዝኑ።