አስና 2 መያዝ ብቻውን ሎው አያሰራህም
ወንድሜ፣ ኦማሃ ሃይ ሎው ፖቱን (የተወራረድንበትን ብር) ትልቁ እጅ «ሃይ» እና ትንሹ እጅ «ሎው» ግማሽ ግማሽ የሚካፈሉበት የፖከር ጨዋታ ነው፣ ግን «እዚያ ላይ አስና 2 ከያዝክ ግማሹ ፖት ያንተ ነው» ያልከው ስህተት ነው፣ ብዙ ጀማሪ ብሩን የሚያጣው እዚህ ጋ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሎው የሚሰራው ከ8 ባልበለጡ አምስት የተለያዩ ካርታዎች ነው፣ አስ እንደ 1 ይቆጠራል። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም በጋራ ከሚወጡት ውስጥ ከ8 ያልበለጡ ሦስት የተለያዩ ካርታዎች መውጣት አለባቸው፣ ካልወጡ ሎው የሚባል ነገር የለም ፖቱን በሙሉ ሃይ ያሸነፈው ይወስደዋል። ሲቀጥል ከእጅህ አራት ካርታ የግድ ሁለቱን፣ ከጠረጴዛው ደግሞ ሦስቱን ነው የምትጠቀመው፣ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ትናንሾች 2፣ 6 እና 7 ብቻ ከሆኑ ያንተ 2 ተደገመች ማለት ነው፣ እጅህ ላይ ሌላ 3 ወይ 4 ወይ 5 ወይ 8 ከሌለ ሎው አልሰራህም። ደግሞ ሌላ ሰው አስና 2 ይዞ ሎው ላይ እኩል ከወጣችሁ ግማሹን ትካፈላላችሁ፣ ከሎው የሚደርስህ የፖቱ ሩብ ነው።