«ለቤተሰቤ ብዬ ነው» ያለውን ሰው ለምን እናምነዋለን?

ዋልተር ኋይት የተገፋ ሰው ነው ወይስ ድሮም ክፋት በውስጡ የነበረ? «ብሬኪንግ ባድ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. ጥር 2008 ተጀምሮ መስከረም 2013 በ62ኛው ክፍል ተጠናቋል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ድራማው ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ በየዓመቱ አዲስ ተመልካች ያገኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይቀባበሉታል፤ መምህራን በሻይ ሰዓት ያነሡታል፤ ብርዱ ሰውን ቤት በሚያስገባበት በጥቅምትና በኅዳር ማታ ደግሞ ቤተሰብ ተሰብስቦ ያየዋል። አብዛኛው ተመልካች ለሰውየው ያደላል። እኔ አላደላለትም። በየተገኘበት የምከራከርበት ጉዳይ ስለሆነ ሐሳቤን በጽሑፍ ማስቀመጥ ፈለግሁ።

ድራማውን ላላየ ሰው ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ዋልተር ኋይት በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በአልበከርኪ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህር ነው። ሃምሳ ዓመት በሞላው ሰሞን የሳንባ ካንሰር እንደያዘው ይነገረዋል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ ልጁ በክራንች የሚሄድ አካል ጉዳተኛ ነው፤ ደመወዙ ስለማይበቃው ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪና እጥበት ቤት ይሠራል። ከቀድሞ ተማሪው ከጄሲ ጋር ሆኖ ሜታምፌታሚን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ማምረት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ይዋሻል፣ ይገድላል፣ ያስገድላል። ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ ለቤተሰቡ።

ተሟጋቾቹ መጀመሪያ የሚያነሡት የመኪና እጥበቱን ነው፤ እውነትም ከባድ ማስረጃ ነው። መምህሩ ተንበርክኮ የመኪና ጎማ ሲወለውል ባለመኪናው ክፍል ውስጥ የሚረብሸው ተማሪው ሆኖ ይገኛል፤ ልጁ ከሴት ጓደኛው ጋር ሆኖ ይሳለቅበታል። እዚሁ ከተማ የሚያስተምር አንድ የኬሚስትሪ መምህር ወዳጄ እዚያ ትዕይንት ላይ ሲደርስ አጥፍቶ እንደተነሣ ነግሮኛል። «ሌላው ይቅር፤ እሱን ብቻ አይቼ የፈለገውን ቢያደርግ አልፈርድበትም አልኩ» አለኝ። ገባኝ። በአገራችን የመምህር ክብርና የመምህር ደመወዝ ከተለያዩ ቆይተዋል። የወሩ አጋማሽ ሳይደርስ ኪሱ የሚነጥፍ፣ ማታ ማታ የሰው ልጅ እያስጠና የቤት ኪራይ የሚሞላ መምህር ይህን ትዕይንት እንደ ፊልም ብቻ ሊያየው አይችልም። ቁስሉ እውነተኛ ነው። ድራማውም ቁስሉን አያቃልልበትም።

ይሁን እንጂ «ድህነትና በሽታ ገፋው» የሚለውን መከራከሪያ ደራሲዎቹ ራሳቸው ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ አፍርሰውታል። ኋይት በወጣትነቱ ኤሊየት ከተባለ ጓደኛው ጋር ግሬይ ማተር የተባለ ኩባንያ አቋቁሞ ነበር። ኤሊየትና ሚስቱ ግሬቸን አሁን ባለጠጎች ናቸው። መታመሙን ሲሰሙ መጀመሪያ ሥራ ያቀርቡለታል፤ ከነሥራው ጥሩ የሕክምና መድን አለው። እምቢ ይላል። ግሬቸን ደውላ የሕክምናውን ወጪ እንሸፍን ብላ ትማጸነዋለች። አሁንም እምቢ ይላል። በዚያች ሰዓት የገንዘብ ጥያቄው አበቃ። ሕክምናው ተገኝቷል፣ ሥራው ተገኝቷል፤ እሱ ግን ተመልሶ ጄሲን ዕፅ ወደሚያበስሉበት ሥራ ጠራው።

ከተመልካቹ ጋር የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ጠባሴ አካባቢ አብረን ካየነው ወጣቶች አንዱ እጁን አጨብጭቦ «ወንድ ማለት ይህ ነው፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ» አለ። ሌሎቹም ተቀበሉት። ብሂሉን እኔም አከብረዋለሁ፤ በልጅነቴ የተውሶ ልብስ ለብሼ ሠርግ እንዳልሄድ ያደረገኝ እሱ ነው። ነገር ግን ለጌጥ የተነገረውን ለሕይወት ማዋል ተገቢ አይደለም። በዚህችው ከተማ ከወለጋም ከአጣዬም የተፈናቀሉ ሰዎች በመጠለያ ኖረዋል። ከእነሱ ውስጥ ጎተራቸው ሙሉ የነበረ፣ እንግዳ ሳያበሉ የማያድሩ አባወራዎች ነበሩ። ለልጆቻቸው ሲሉ ስንዴ ለመቀበል ተሰልፈዋል። ማናችንም ክብራቸውን ጣሉ አላልንም፤ ልንልም አንችልም። ለልጅ ተብሎ የሚደረግ ነገር ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ያንን ሰልፍ ያስታውስ። ዕድራችንም ቢሆን የቆመው ዛሬ ለሰው የሚያዋጣ ነገ እንደሚዋጣለት ስለሚያውቅ ነው፤ ለቅሶ ቤት ንፍሮና ዳቦ ሲመጣለት «አልፈልግም፣ መልሱ» የሚል ሰው ብናይ ኩሩ ነው ሳይሆን ምን ነካው ነው የምንለው።

ደግሞ እምቢታው ንጹሕ ቢሆን ምናለበት! ኋይት ለሚስቱ የነገራት የሕክምናውን ወጪ ግሬቸንና ኤሊየት እየከፈሉልን ነው ብሎ ነው። ገንዘባቸውን ንቆ ስማቸውን ወሰደ። ግሬቸን ውሸቱን ደርሳበት ስትጠይቀው ምላሹ ስድብ ነበር።

ከ62ቱ ክፍሎች ውስጥ ይህን ክርክር ይቋጫል ብዬ የማምነው በአራተኛው ምዕራፍ ያለው የእራት ትዕይንት ነው። ብዙ ሰው ስለ ፍንዳታውና ስለ ተኩሱ ሲያወራ ያልፈዋል፤ ያሳዝነኛል። የሚስቱ እህት ባል ሃንክ የፀረ ዕፅ መርማሪ ነው፤ ሃይዘንበርግ የሚባለውን ስውር ዕፅ አምራች ለረጅም ጊዜ ሲያድን ቆይቷል። ሃይዘንበርግ እፊቱ ተቀምጦ አብሮት የሚበላው ኋይት መሆኑን አያውቅም። ጌል የተባለ ኬሚስት ተገድሎ ማስታወሻ ደብተሩ ይገኛል፤ ያስገደለው ኋይት ነው። ሃንክ ደብተሩን አይቶ የምፈልገው ሊቅ ይህ ነበር፣ ሞቷል ብሎ መደምደም ይጀምራል። አስቡት። ፖሊስ ፋይሉን ሊዘጋ ነው። ቤተሰቡን የሚያስቀድም ሰው በልቡ ተመስገን ብሎ ወይን ጠጁን ይጎነጫል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? ኋይት ግን አልቻለም። ጠጥቷል፤ ፊቱ ሲለዋወጥ ይታያል። የሞተው ሰውዬ ሲወደስ መስማት አንገበገበው። ከዚያ አፉን ከፍቶ፣ ደብተሩ ላይ ያየው ነገር የሊቅ ሥራ እንዳልሆነ፣ የሌላ ሰው ሥራ ግልባጭ እንደሆነ፣ ዋናው ሊቅ ምናልባት ገና እንዳልተያዘ ተናገረ። ሃንክም ነገሩን እንደገና ማሰላሰል ጀመረ። ሚስቱ እዚያው አጠገቡ ተቀምጣለች። የሚስቱን፣ የልጁን፣ የአራስ ሴት ልጁን ደኅንነት በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳልፎ የሰጠው ሥራው በሌላ ሰው ስም እንዳይመዘገብ ብሎ ነው። ማንም አላስገደደው፣ ማንም ሽጉጥ አልደገነበት።

ታዲያ ምንጩ ምንድን ነው? ይህን ለማወቅ ወደ ግሬይ ማተር መመለስ ያስፈልጋል። ኋይት በኩባንያው የነበረውን ድርሻ በወጣትነቱ በ5,000 ዶላር ሸጦ ወጥቷል። በአምስተኛው ምዕራፍ ላይ ለጄሲ እንደሚነግረው የኩባንያው ዋጋ 2.16 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ እሱም ቁጥሩን በየሳምንቱ ያያል። የልጆቹን ብኩርና ለጥቂት ወራት የቤት ኪራይ እንደሸጠ ይናገራል። ለእኔ ይህ ሰው የሚመስለው የድሮ የመንዝ የርስት ተሟጋች ነው። አያቶቻችን በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ለአንድ ቁራጭ መሬት ዕድሜ ልካቸውን ይሟገቱ ነበር፤ በሬ ሸጦ የተሟገተ፣ መሬቱ ከሚያወጣው ይልቅ ሙግቱ የበላበት ሞልቷል። የሚሟገቱት ስለ እህሉ ብቻ አልነበረም፤ የእገሌ ልጅ መሆናቸው እንዲታወቅላቸው ነበር። የኋይት ሕመም ይኸው ነው፤ የሱ የሆነ ነገር በሌላ ሰው ስም ሲጠራ ያያል። እስከዚህ አዝንለታለሁ።

ነገር ግን የርስት ተሟጋች ዳኛ ፊት ይቆማል፤ ሽማግሌ ይሰማዋል፤ ባላንጣውም መልስ ይሰጣል። ኋይት አንድም ቀን አቤት ብሎ አያውቅም። ድርሻውን ማንም አልቀማውም፤ ራሱ ሸጦ ወጣ። ያኔ ፍቅረኛው የነበረችው ግሬቸንም ቤተሰቦቿ ዘንድ ወስዳው ሳለ ምክንያቱን ሳይነግራት ጥሏት እንደሄደ በፊቱ ትናገራለች። ተቀምጠው ቢነጋገሩ ሊጠየቅ የሚችለው እሱም ነበር፤ ስለዚህ ከእርቁ ይልቅ ቂሙን መረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ለቤተሰቡ የሚበቃውን አስልቶ 737,000 ዶላር ብሎ ነበር። በአምስተኛው ምዕራፍ 5 ሚሊዮን ዶላር ይዞ የሚወጣበት ዕድል ሲመጣ ጄሲ ያችን የድሮ ቁጥር አስታወሰው። አልሰማውም፤ አሁን የያዘው ንግድ ግዛት መገንባት እንደሆነ ነገረው።

ስለ ሚስቱ ስለ ስካይለርም ዝም ማለት አልችልም። አብሬያቸው ካየሁት ወንዶች መካከል ከገዳዩ ይልቅ እሷን የሚጠሉ አሉ፤ «ነዝናዛ»፣ «ባሏን የማታከብር» ይሏታል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ ስካይለርን ሆና የተጫወተችው አና ጋን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ስለዚሁ ጥላቻ ጽፋለች። ሴትዮዋ ያደረገችው ምንድን ነው? የት አመሸህ አለች። ከየት አመጣኸው አለች። መጋዘን ውስጥ የተከመረውን ብር አሳይታው ስንት ቢሆን ይበቃሃል አለችው። ቤት ውስጥ ያለ ገንዘብ ከየት እንደመጣ የምትጠይቅ እናት በሰሜን ሸዋም የተመሰገነች ናት፤ ፊልም ላይ ስናያት ግን ለምን እንጠላታለን? እኔ የሚታየኝ ምክንያት ኋይትን ሆነን ስለምናየው ነው። እሱ ውስጥ የተበደለው ማንነታችን ሲበቀል ደስ ይለናል፤ እሷ ደግሞ ደስታችንን ታቋርጣለች።

የድራማው ወዳጆች የመጨረሻውን ክፍል እያነሡ ይሟገቱኛል። እዚያ ኋይት ለስካይለር ሁሉንም ያደረገው ለራሱ እንደሆነ፣ ሥራውን እንደወደደው፣ ጎበዝ እንደነበረ፣ በሕይወት መኖሩ የተሰማውም ያን ጊዜ እንደሆነ ይነግራታል። «ይህን ያለው እሷ ተረጋግታ እንድትኖር ብሎ ነው፤ ውስጡስ ለልጆቹ ነበር» የሚሉ አሉ። የጌልን ደብተር ያየ ሰው እንዲህ ማለቱ ይገርመኛል። ለማንኛውም ልጆቹን አልወደደም አላልኩም፤ በሞቱ ዋዜማ ያደረገው ነገር መውደዱን ያሳያል። ከተረፈው ገንዘብ 9.72 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ግሬቸንና ኤሊየት ቤት ይገባል፤ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ብሩን የራሳቸው ስጦታ አስመስለው እንዲሰጡት ያስፈራራቸዋል። ልጁ ቀደም ብሎ የአባቱን ገንዘብ በስልክ እየጮኸ እምቢ ብሎት ነበርና ሌላ መንገድ አልነበረውም። በሁለተኛው ምዕራፍ የዕፁ ብር በልጁ የእርዳታ ድረ ገጽ በኩል የደጋግ ሰዎች ልግስና ተመስሎ ሲገባ ስሙ ባለመጠራቱ ሲንገበገብ የነበረ ሰው፣ አሁን ስሙ ከስጦታው ላይ እንዲጠፋ ፈቀደ። ትልቅ ነገር ነው፤ ለተሟጋቾቹ ይህን እሰጣቸዋለሁ።

ሆኖም እዚያው ቤት ውስጥ፣ ከመውጣቱ በፊት፣ የሚከፈል ግብርም ሆነ የጠበቃ ወጪ ቢኖር ከዚሁ ከሱ ብር እንዲወጣ፣ ከራሳቸው አንዲት ሳንቲም እንዳይጨምሩ ያዝዛቸዋል። ባልና ሚስቱ ባለ ቢሊዮን ናቸው፤ ቢጨምሩ ልጁ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ለልጆቹ ብሎ ነው የሚለኝ ሰው ይችን ትእዛዝ ለማን ብሎ እንደሰጣት ያስረዳኝ።