የአዋሹን አሮጌ ድልድይ ፎቶ እናንሳው

አዋሽ ሰባት ኪሎ ምሳ በላንና ወደ ገደሉ ጠጋ አልን። ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ "ክልክል ነው!" የሚል ድምፅ መጣ። ጠባቂው ገና ወጣት ነው፤ ክፋት የለውም። "ለምን?" ስለው "ድልድይ ነዋ!" አለኝ።

እኔ ማንሳት የፈለግሁት መኪና የሚሻገርበትን አልነበረም። አሮጌውን የባቡር ድልድይ ነው። የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ መስመር አለው፤ ያኛው ሥራ ከፈታ ቆየ። ታዲያ ምኑ ነው ምስጢሩ?

ያ ድልድይ ብዙ አይቷል። ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. የተጀመረው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው። አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1909 ፈጀበት። በ1933 ጣሊያን ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰው፤ እንደገና ተሠራ። ጥር 1977 ደግሞ ከድሬዳዋ የመጣ ባቡር ኩርባው ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ሐዲዱን ሳተ። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት አንዱ ነው።

ወደ ምዕራብ ቀና ሲሉ የፈንታሌ ተራራ አለ። 2,007 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ እሳተ ገሞራ የተወው ሰፊ ጉድጓድ አለው። በ2017 ከመሬት በታች ቅልጥ ዐለት ሲንቀሳቀስ ምድሪቱ ለወራት ተናጠች። የካቲት ላይ የመንቀጥቀጡ መጠን 6 ደረሰ። ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ እኛም አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሆነን አምፖሉ ሲወዛወዝ አየን። ያኔ ሁሉም ስለ አስፋልቱና ስለ አዲሱ ባቡር ተጨነቀ፤ ልክም ነው። ስለ አሮጌው ብረት ግን የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

"የተፈናቀለው ሰው ሳይቋቋም ስለ ዝገት ታወራለህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ሰው ይቅደም፤ አልከራከርም። ግን እኔ የምለው ብዙ ብር አይጠይቅም። አንድ መሐንዲስ ሄዶ ይየው። ከገደሉ ጠርዝ ላይ አጥር ያለው መቆሚያ ይሠራ፤ መንገደኛው ወርዶ ድልድዩንም ፈንታሌንም ይይ፣ ፎቶም ያንሳ። የ1977ቱ ሟቾች ስም ከተገኘ በድንጋይ ይቀረጽ።

ከመሄዴ በፊት ጠባቂውን ስለዚያ አደጋ ጠየቅሁት።

"እኔ እኮ ያኔ አልተወለድኩም" አለኝ። ዝም ብሎ ቆየና ወደ ገደሉ አንገቱን አሰገገ። "እዚህ ነው እንዴ የወደቀው?"