ማዘር፣ ታፔላው ላይ ተሳፈሪ!

«ሕዝቡ የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር መጠቀም ቀነሰ» የምትሉ ሰዎች ግን ጤነኞች ናችሁ? መጀመሪያ የቀነሰው ባቡሩ ነው!

በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀመር 41 ባቡር ነበር። ከጦር ኃይሎች አያት ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ይፍጅ እንበል። 20 ባቡር ከተሰማራ በየ6 ደቂቃው ይመጣል። 6 ብቻ ከሆነ በየ20 ደቂቃው። ከ6ቱ አንዱ ቀጥ ሲል 24 ደቂቃ። 24 ደቂቃ የተጠራቀመ ሰው ደግሞ በሩን አያዘጋም፣ በሩ ካልተዘጋ አይነሳም፣ በየፌርማታው ሲዘገይ 24ቱ 30 ይሆናል። ሥራ ያለው ሰው እስከ መቼ ይጠብቅ? ከስታዲየም እስከ ልደታ ደግሞ ሁለቱም መስመር፣ የአያቱም የቃሊቲውም፣ የሚሄደው በአንድ ሐዲድ ነው፤ እዚያ ላይ አንዱ ከቆመ የቃሊቲውም የአያቱም ሰው አብሮ ይቆማል።

ለምን ይቆማሉ? የብረት ጎማው ኩርባ ላይ ሐዲዱን እየታከከ ጠርዙ ይበላል። በቶርኖ ይላጋል፣ ግን በተላገ ቁጥር ይቀጥናል፤ ከልኩ ሲወርድ መቀየር ብቻ ነው። ቅያሪው የሚመጣው ከውጭ ነው፣ በዶላር። አለቀ።

አውቶቡስስ? 40 ደቂቃ ድርቅ፣ ከዚያ ሁለቱ እንደ ሙሽራና ሚዜ ተከታትለው ከች! የፊተኛው የተጠራቀመውን ሕዝብ ሁሉ ሲያፍስ ይጎተታል፣ የኋለኛው ባዶውን ይደርስበታል። ተቆጣጣሪ የኋለኛውን 5 ደቂቃ ቢይዘው የሚፈታ ነገር ነበር።

እና ሰው ወደ ሚኒባስ። ዛሬ ማታ ሜክሲኮ፣ ታፔላው «መገናኛ» ይላል፣ ረዳቱ «ኡራኤል! የኡራኤል ብቻ!» እያለ ይጮሃል። አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ በትሕትና፦

«ልጄ፣ ታፔላው መገናኛ ይላል እኮ።»

«ማዘር፣ እንግዲህ ታፔላው ላይ ተሳፈሪ!»

ሰልፉ በሳቅ። አንተ! የናትህ እኩያ ናቸው እኮ! የሳቀውም ሁሉ እየተጋፋ ገባ፣ እሳቸውም ገቡ፣ ምን ያድርጉ?

ቆርጦ መጫን እብደት እንዳይመስላችሁ፣ ንጹሕ ሂሳብ ነው። ታሪፉ ለአጭር መንገድ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ይወደዳል፤ አንዱን ረጅም ለሁለት ከቆረጠው ከአንዱ ወንበር ሁለቴ ይሰበስባል፣ ትርፍ ሰው ሲጨመር አስቡት። መልስ ስትጠይቁ ደግሞ «ዝርዝር የለም፣ ተጋሩ» ብሎ ከማታውቁት ሰው ጋር ያጋባችኋል። ቆይ ይኼ ሌላ ቀን።

ብቻ ኡራኤል ወርደው እንደገና መገናኛ የሚል መፈለግ ነው። አንድ መጣ፣ ታፔላውም መገናኛ ይላል።

ረዳቱ «22! የ22 ብቻ!»