ምራቂ በቅድሚያ

ድንች ገዝታችሁ ስትጨርሱ ሻጯ ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ታደርግላችኋለች። ምራቂ ነው። ዝም ካለች ደግሞ «ምራቂስ?» ብለን ፌስታሉን ከፍተን እንቆማለን። ያልተጻፈ ሕግ ነው። እኔ ግን ሕጉን ገለበጥኩት። ድንቹ ሳይሸጥ ምራቂውን ተሸክሜ በየሱቁ መዞር ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤት ትቼ የማስታወቂያ አማካሪ ሆኛለሁ። ማን ሾመህ? ቢዝነስ ካርድ ያተመልኝ ልጅ። «ከስምህ ሥር ምን ልጻፍ?» አለኝ። ትንሽ አሰብኩና «አማካሪ በለው» አልኩት። «ዋና አማካሪ ብንለው ያምራል» አለኝ። ዋጋው ያው ስለሆነ ተስማማሁ።

ችግሩ የመጣው ከሹመቱ በኋላ ነው። እኛ አገር ምክር እንደ ጉድ ነው ያለው። ጉንፋን ቢይዛችሁ አንድ ታክሲ ውስጥ ብቻ አራት ሰው ዳማከሴ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት በማር ያዝላችኋል። ቤት ስትሠሩ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ «በሩን በዚህ በኩል ብታደርጉት» ይላል። እዚህ ገበያ ውስጥ ምክር በብር ልሽጥ ማለት ጣና ዳር ቆሞ ውሃ በጀሪካን እንደመቸርቸር ነው።

ስለዚህ ነፃ ሪፖርት። ዘዴው የኔ ፈጠራ አይደለም። አማካሪው አንድ ጽሑፍ በነፃ ይሰጣችኋል። በምትኩ ስልካችሁን ይወስዳል። ከዚያ እስክትገዙ ወይም ቁጥር እስክትቀይሩ ድረስ ይደውላል። ቅቤ ተራም ያው ነው፤ ሻጯ በእንጨት ጫር አድርጋ «አሽትተህ እየው» ትላለች። ልዩነቱ፣ ቅቤው ሲቀመስም ቅቤ ነው። ሪፖርት ሲቀመስ ግን መድኃኒቱ አይደለም የሚቀመሰው፤ በሽታው ነው።

ነፃ ሪፖርት መጻፍ የራሱ ሙያ አለው። መጀመሪያ ርዕሱ ማስደንገጥ አለበት። የኔ «ሱቅዎን ቀስ በቀስ እየገደሉ ያሉ 7 የማስታወቂያ ስህተቶች» ይላል። ለምን 7? 3 ቢሆን ሰው «ደህና ነኛ!» ብሎ ይተኛል። 20 ቢሆን ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ሱቁን ይዘጋል፤ የተዘጋ ሱቅ አማካሪ አይቀጥርም።

ሌላው ምስጢር፣ «ምን» የሚለው በነፃ ይሰጣል፣ «እንዴት» የሚለው ይከፈልበታል። «ደንበኛዎን አያውቁትም» ብዬ በደማቁ እጽፋለሁ። እንዴት እንደሚታወቅ ግን ትንፍሽ አልልም። አበው «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። እኔ ተረቱን ከመጨረሻው ነው የጀመርኩት። መከራውን በ14 ገጽ አትሜ በነፃ አድላለሁ፤ ምክሩ በኋላ በክፍያ ይመጣል።

ለማን ነው የሚታደለው? ለማስታወቂያ ብር አውጥቶ ለማያውቅ ሰው መስጠት ኪሳራ ነው። የሚፈለገው እያወጣ የሚያለቅሰው ነው። እሱን ማግኘት ደግሞ ቀላል ነው። ፌስቡክ አድ ላይብረሪ የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ ገጽ አለው። የሱቁን ገጽ ስም ስትጽፉ አሁን በገንዘብ እያስነገረ ያለውን ማስታወቂያ ይዘረግፍላችኋል። ለግልጽነት ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። ለኔ ግን የሕመምተኞች ስም ዝርዝር ነው።

ሕመሙስ እውነት ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ለፌስቡክ የሚከፈለው በዶላር ነው። ባለ ሽሮ ቤት ዶላር ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ውጭ ዘመድ ያለው፣ ወይም የዘመድ ካርድ የያዘ ልጅ መሃል ይገባና ብሩን ተቀብሎ «ቡስት» ያደርግላታል፤ ማስታወቂያዋን ብዙ ሰው እንዲያየው ለፌስቡክ ይከፍልላታል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያው ማስታወቂያ፣ ያው ሽሮ፣ ዋጋው ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። እኔም እንደ ባለሙያ አፋጣኝ እርምጃ ወሰድኩ። የሪፖርቴን ርዕስ በቀይ ቀለም አደረግሁት።

እንግዲህ ከዝርዝሩ ላይ መገናኛ አካባቢ ያለች አንዲት ሽሮ ቤት መረጥኩ። ከዋናው መንገድ ገባ ትላለች። ባለቤቷ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ ሪፖርት ይዤልዎት ነበር» አልኳቸው።

ማማሰያውን አስቀመጡት። «ከወረዳ ነው?»

«አይ፣ የማስታወቂያ ነው።»

«የታፔላው ተከፍሏል! ደረሰኙ አለ!»

ነጋዴ ጆሮ ውስጥ «ሪፖርት» ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰባቱ ስህተቶች የኔ ነበሩ፤ አንደኛው እዚያው በር ላይ ተፈጸመ። ነፃ መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ ይበልጥ ጠረጠሩኝ። ከዚያ የከሳ ሰው ያዩ መሰላቸው መሰለኝ፣ «በል ቁጭ በል፣ ብላ» አሉኝ። ተጋቢኖ እየተንተከተከ መጣ።

እየበላሁ ስለ ቡስቱ ጠየቅኳቸው። «የእህቴ ልጅ ሦስት ሺህ ብር ተቀብሎኝ ነው ያደረገው» አሉ። «48 ሺህ ሰው አይቶታል አለኝ። ልጄ፣ ወንበሬ እኮ 16 ነው።»

ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከዱባይ የተጻፈ ነው። «ወይኔ ሽሮ!» «እናቴን አስታወስሽኝ።» «መቼ ነው አገሬ የምገባው።»

«እኔም አልቅሻለሁ» አሉ። «ግን ከጅዳ ለምሳ አይመጣም።»

ልጁ ማስታወቂያው የሚታይበትን ቦታ መምረጥ ረስቶ ነው። ሪፖርቴ ላይ ስህተት ቁጥር 3 ነው። እንዴት እንደሚስተካከል መንገር አልነበረብኝም፤ ያ የሚከፈልበት ክፍል ነው። ግን የሰው እንጀራ አፌ ውስጥ ነበር። ነገርኳቸው። በሁለት ደቂቃ አስተካከልነው። የመጀመሪያው የሙያ ገቢዬ ግማሽ ሎሚና ቃሪያ ሆነ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «እኔ የራሴ ማስታወቂያ አለኝ» አሉ። ሦስት የታክሲ ረዳቶች እሳቸው ጋ በግማሽ ዋጋ ይበላሉ። ታዲያ በዚያ በኩል ሲያልፉ «ሽሮ ቤት ጋ ወራጅ አለ?» ብለው ይጮኻሉ። ወራጅ ኖረም አልኖረም ይጮኻሉ።

አሰብኩት። ለም ሆቴል፣ ጎላጎል፣ ደምበል። ይሄ ከተማ ሰዉን የሚያወርደው በንግድ ቤት ስም አይደለም እንዴ? ሆቴል ወይም ሕንፃ ነበሩ፤ ዛሬ ሰፈር ሆነዋል። እዚያ ሆቴል ገብቶ የማያውቅ ሰው በቀን ሁለቴ ስሙን ይጠራዋል። ለዚህ ነገር ስንት ዶላር ይከፈል ነበር? ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ የተቀመጠ ሰው ደግሞ እንደ ፌስቡክ በአውራ ጣቱ ገፍቶ አያልፋችሁም። የት ይሄዳል?

«ግን ማን ከየት እንደመጣ በምን ያውቃሉ?» አልኳቸው። እዚህ ጋ እይዛቸዋለሁ ብዬ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፖስታ ይሸጡ የነበሩ ነጋዴዎች ከመቶ ዓመት በፊት በየጋዜጣው የሚያወጡት ኩፖን ላይ የተለያየ ምልክት ያደርጉ ነበር። ኩፖኑ ተቆርጦ ሲመለስ የትኛው ጋዜጣ ገዢ እንዳመጣ ይታወቃል፤ ያላመጣው ይቀራል። ገጽ 11 ላይ ጫፉን ብቻ አሳይቼ የደበቅኩት ትልቁ ምስጢሬ ይሄ ነው። ሙሉውን የማስተምረው በክፍያ ነው።

እትዬ ከመደርደሪያ ላይ የዱቤ ደብተሩን አወረዱ። ከጀርባው ገለጡት። «ረ» ረዳት ነው። «ጎ» ጎረቤት የነገረው። «ፌ» ፌስቡክ። በየፊደሉ ሥር ጭረት፣ አምስት አምስት እየታሰረ። ሰው እጁን ሲታጠብ «ማን ነገረህ?» ይሉታል፣ ይጭራሉ። አለቀ።

«ፌ ሥር 11 ነው» አሉ። «አራቱ ግን ባንክ ጠፍቷቸው ነው የገቡት።» ከዚያ እስክሪብቶውን አነሱ። «አንተንስ ማን ነገረህ?»

«ፌስቡክ ላይ... ማስታወቂያዎን አይቼ።»

ጫር አደረጉ። «12።»

ዋና አማካሪው 180 ብር ከፍሎ ወጣ። ሪፖርቱን እዚያው ትቼ።

ሌሎቹን ባጭሩ ላውራችሁ። የውበት ሳሎኗ ባለቤት ለባሌ ላሳየው ብላ ወሰደችው፤ ባሏን እስካሁን እየጠበቅኩ ነው። ጁስ ቤቱ «ፒዲኤፍ የለውም?» አለኝ። አንድ ባለ ጫማ ሱቅ ደግሞ ሁለት ኮፒ ጠየቀ፤ በኋላ ሳየው የጫማ አፍንጫ እንዳይጨማደድ ውስጡ ጠቅጥቆታል። በጠቅላላው 62 ሪፖርት አደልኩ። በዚህ ንግድ ያተረፈው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ብቻ ነው።

አይ፣ ተሳሳትኩ። አንድ ሌላም አለ። የሞባይል ካቨርና ቻርጀር የሚሸጥ ልጅ። ሪፖርቱን እፊቴ ከዳር እስከ ዳር ሲያነበው እንዴት ደስ እንዳለኝ! እያሰመረ ነው የሚያነበው። ይሄስ ይከፍላል አልኩ። በሁለት ሳምንቱ ቴሌግራሜ ጮኸ። «ሰላም ወንድሜ! የማማከር ሥራዎን ቀስ በቀስ እየገደሉ ያሉ 9 ስህተቶች። ነፃ ሪፖርት!» ልጁ ነው። ከስሙ ሥር «ዋና አማካሪ» ይላል። ያው ማተሚያ ቤት መሆን አለበት።

መቼም ነፃ ነው፤ ከፈትኩት። የሚገርመው፣ ስህተት ቁጥር 4 እውነት ነው። «በነፃ አብዝተው ይሰጣሉ» ይላል። ደወልኩለት።

«ቁጥር 4 ልክ ነህ። ታዲያ እንዴት ነው የማስተካክለው?»

«እሱ በክፍያ ነው፣ ብሮ» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት በዚያው በእትዬ መንደር ሳልፍ ራበኝ። ሽሮ ቤቱ ገብቼ 13ኛ ጭረት መሆን አልፈለግኩም። ጥግ ላይ ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ሁለት ገዛሁ። ከጎኗ ከተከመረ ወረቀት አንድ ሳብ አድርጋ ጠቀለለችልኝ። ስፈታው ገጽ 4። «ደንበኛዎ ማን እንደሆነ ያውቃሉ?» የሚለው ላይ ዘይቱ ክብ ሠርቷል።

«እህቴ፣ ይሄን ወረቀት ከየት አመጣሽው?»

«እትዬ ናቸው የሰጡኝ። ምነው፣ ያንተ ነው እንዴ?»

«የኔ ነው።»

«አሪፍ ነው» አለች። «ባንድ ወገን ብቻ ስለተጻፈበት ሌላው ጎኑ ንጹሕ ነው፤ ሰው ይወደዋል። የሚቀጥለውን ግን ወፈር ያለ ወረቀት ላይ አሳትመው፣ ይሄኛው ዘይት ያሳልፋል።»

እሺ አልኳት። ልሄድ ስል መለስ አለችና ምራቂ አንድ ሳምቡሳ ጨመረችልኝ። በገጽ 11 ጠቅልላ።