የእንጀራ ስፋትና የግድግዳው ሶኬት

አዲስ አበባ ያለችው እናቴ የጋገርሁትን እንጀራ በስልኬ ካሜራ ባየች ቁጥር «ልጄ፣ ይህ እንጀራ ነው ወይስ ቂጣ?» ትለኛለች። ቅር የሚያሰኛት ዓይኑ ሳይሆን ስፋቱ ነው። ለዓመታት ሞያ ያጣሁ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ግን ጉዳዩ ከግድግዳው ሶኬት የመጣ መሆኑን ተረዳሁ።

አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ የሸክላ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲሜትር ይጠጋል፤ በሸክላው ቦይ ውስጥ የተዘረጋው ሬዚስታንስም በ220 ቮልት ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። እኔ በምኖርበት ሜሪላንድ ግን ተራው የቤት ሶኬት 120 ቮልት ነው፤ 15 አምፔር የሚሸከም መስመር ደግሞ ከ1,800 ዋት አያልፍም። ያንን ምጣድ ሳይሰበር በሻንጣ ማምጣት ቢቻል እንኳ፣ ለልብስ ማድረቂያና ለምድጃ ከተዘረጋው መስመር በቀር የሚሰካበት አይገኝም።

ብዙዎቻችንን ከዚህ ችግር ያወጣን ለእኛ ተብሎ ያልተሠራ ዕቃ ነው። የኖርዌይ ስደተኞች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣ የሚጋግሩበት ክብ የአሉሚኒየም ምጣድ አለ፤ ቤታኒ የሚባለው ዓይነት የሚመረተው አዮዋ ውስጥ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ሐበሾች ራሳቸው ያሠሯቸው ምጣዶችም በየመደብሩ አሉ፤ በብዙ የስደት ቤት የእንጀራን ልክ መጀመሪያ የወሰነው ግን የሌላ ሕዝብ ቂጣ ነበር። ሒሳቡን ለሚወድ፣ የእኔ እንጀራ ከእናቴ እንጀራ ግማሽ አይሞላም።

አሠራሩን ስንለዋወጥ ደግሞ ሌላ ልዩነት ይገጥመናል። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ «ሙቀቱን 450 ፋራናይት ላይ አድርጊው፣ አንድ ኩባያ ሊጥ አፍስሺ፣ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ» ይሉኛል። ኮንዶሚኒየም የምትኖረው እህቴ ይህንኑ ሰምታ «ስንት ዲግሪ ላድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። የእሷ ምጣድ ማብሪያና ማጥፊያ እንጂ የሙቀት መቆጣጠሪያ የለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ በሚጋግርበት ሰዓት መብራቱ ስለሚደክም ያው ምጣድ ጠዋትና ማታ አንድ ዓይነት አይግልም። የወጥ ሰዓትም ቢሆን አይሠራላትም፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው፤ እኔ ዘንድ የሚበስለው ሽምብራ እሷ ዘንድ ገና ጥሬ ነው።

እናቴ ቁጥር አታውቅም። «ሊጥ ጠብ አድርጊበት፤ ወዲያው ዓይን ካወጣ ግሏል። ዓይኑ ሞልቶ ሲወጣ ክደኚው፤ ጠርዙ ሲነሣ አውጪው» ትላለች። ድሮ ይህን ልክ የለሽ ትምህርት እለው ነበር። ዛሬ ግን ከጓደኞቼ ቁጥር ይልቅ እሱን አምናለሁ፤ ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ዕቃው ሲሆን የእናቴ ምልክት ግን ስለ ሊጡ ስለሆነ፣ በሸክላውም በአሉሚኒየሙም ላይ እኩል ይሠራል። አሉሚኒየሙ እንደ ሸክላ ሙቀት ስለማይዝ ከአንዱ እንጀራ ወደ ሌላው ስሄድ ጥቂት መታገሥ እንዳለብኝ ያስተማረኝም ያው የጠብታው ፈተና ነው። እርግጥ ጎመን ዘርና ማሰሻ አያስፈልገኝም፤ በዚህስ እናቴ ትቀናብኛለች።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና አሳየኋት። ስልኩን አስጠግታ ጥቂት ተመለከተችና «ዓይኑስ ደኅና ነው፤ እንግዲህ ለየሰዉ ሁለት ሁለት አድርጊ» አለችኝ።