እርማት፦ ለድንጋይ ቤት ሲሚንቶ ሁልጊዜ አይበጅም

ወንድሜ፣ ደሴ ዙሪያ በድንጋይና በጭቃ ቤት ለሚሠራው ሰው «ጭቃ ዕድሜ የለውም፤ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለስነው» ብለህ የሰጠኸው ምክር ብዙዎች የሚያምኑት ስሕተት ነው። በላሊበላ ያሉትን ባለ አንድ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች ተመልከት፤ ድንጋያቸው የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃ የገባበትን እርጥበት መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል። የእናቴን ቤት በሲሚንቶ ባስለሰንን በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተነሣ፤ ከሥሩ ያለውን ጭቃ በጣቴ ስነካው ሊጥ ሆኗል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤቱን የሚጎዳው ውኃ ነው። መሠረቱን ከፍ አድርጎ፣ የጣራውን ክፈፍ አርዝሞ፣ በዳገቱ በኩል የጎርፍ መውረጃ ቦይ ይቆፍር። ለልስኑ ጭድ የገባበት፣ በደንብ የቦካ ጭቃ ይበቃዋል።